ዚዚ ቶፕ ከሬዲዮ የማይወርደው ለምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቴክሳሱ የብሉዝ ሮክ ቡድንና ስለ ሬዲዮ ዕድሜው አድማጮችና የፕሮግራም አዘጋጆች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዚዚ ቶፕ እነማን ናቸው?

በ1969 በቴክሳስ ግዛት፣ ሂውስተን ከተማ የተመሠረተ የሦስት ሰዎች ቡድን ነው። ጊታር የሚጫወተውና አብዛኛውን ዘፈን የሚዘፍነው ቢሊ ጊበንስ፣ ቤዝ የያዘው ደስቲ ሂል፣ ድራም ላይ ደግሞ ፍራንክ ቢርድ። ሦስቱ አብረው የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን ያቀረቡት በፌብሩዋሪ 1970 ቦሞንት በምትባል የቴክሳስ ከተማ ነበር። ሂል በጁላይ 2021 እስካረፈበት ቀን ድረስ አንድም ሰው አልተቀየረም፤ 51 ዓመት ማለት ነው። የሂልን ቦታ የያዘው ለረጅም ጊዜ የቡድኑ የጊታር ቴክኒሻን የነበረው ኤልውድ ፍራንሲስ ነው።

ሁለቱ እስከ ደረት በሚወርድ ጺማቸው ይታወቃሉ። «ቢርድ» በእንግሊዝኛ ጺም ማለት ቢሆንም፣ ያን ረጅም ጺም ያላሳደገው ራሱ ፍራንክ ቢርድ ነው።

ሬዲዮ ላይ ደጋግመው የሚሰሙት የትኞቹ ዘፈኖች ናቸው?

ከ1970ዎቹ «ላ ግሬንጅ» (1973) እና «ቱሽ» (1975)፤ ከ1980ዎቹ ደግሞ በ1983 ከወጣው «ኤሊሚኔተር» አልበም «ጊሚ ኦል ዩር ላቪን»፣ «ሻርፕ ድረስድ ማን» እና «ሌግስ»።

የሚገርመው ከእነዚህ አብዛኞቹ ሲወጡ በሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ አልነበሩም። በአሜሪካው የ100 ዘፈኖች ዝርዝር «ላ ግሬንጅ» 41ኛ፣ «ቱሽ» 20ኛ፣ «ሻርፕ ድረስድ ማን» 56ኛ ነው የደረሱት። «ሌግስ» ብቻ 8ኛ ገባ። በዚያው ሳምንት ከላያቸው የነበሩት ብዙ ዘፈኖች ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። ሰንጠረዡ የሚለካው ያኔ የተገዛውንና የተጫወተውን ነው፤ ሃምሳ ዓመት የሚቆየውን አይነግርም።

ሙዚቃቸው ብሉዝ ነው ወይስ ሮክ?

አጥንቱ ብሉዝ ነው፤ ጉልበቱና ጩኸቱ የሮክ። አብዛኛው የጊታር ዜማ የቆመው ማይነር ፔንታቶኒክ በሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ነው። ለእኛ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ድምፆቹ ባቲ ማይነር ከምንለው ጋር አንድ ናቸው። በምዕራባውያን የድምፅ ስም ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ይሆናል። የ«ላ ግሬንጅ» ዋና ሪፍ (ተደጋግሞ የሚመጣው አጭር የጊታር ሐረግ) ከእነዚህ በሦስቱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ኤ፣ ሲ እና ዲ። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው፤ የብሉዝ ተጫዋች ሲ ላይ ሲደርስ ክሩን በጣቱ ገፋ ያደርገውና ድምፁ በማይነርና በሜጀር መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ምቱ ደግሞ ሻፍል ይባላል። እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈልና የመሃለኛው ይዋጣል። ጭክጭካም ምቱን ለሦስት ስለሚከፍል፣ በጭክጭካ ያደገ ሰው እግሩ ሻፍልን ቶሎ ይይዛል። አነጋገሩ ግን ሌላ ነው፤ ሻፍል ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ጭክጭካ ወደ ፊት ይገፋል።

ከሬዲዮ ጋር ያላቸው ቁርኝት ከየት ይጀምራል?

ከሜክሲኮ ድንበር። የአሜሪካ ሕግ ለኤኤም ጣቢያ ከ50,000 ዋት በላይ አይፈቅድም። ከድንበሩ ማዶ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። በ1930ዎቹ ኤክስኢአርኤ የተባለው ጣቢያ በ500,000 ዋት ያሰራጭ ነበር፤ በ1960ዎቹ ከቴክሳሷ ዴል ሪዮ ፊት ለፊት ከምትገኘው ሲውዳድ አኩኛ የሚሰማው ኤክስኢአርኤፍ እስከ 250,000 ዋት ይደርስ ነበር። የኤኤም ሞገድ ሌሊት ከላይኛው የአየር ንብርብር ጋር ተላትሞ ስለሚመለስ እነዚህ ጣቢያዎች ሲመሽ አብዛኛውን ሰሜን አሜሪካ ይሸፍኑ ነበር።

በቴክሳስ ከተሞች የነጭና የጥቁር ሙዚቃ በየጣቢያው ተለያይቶ በሚጫወትበት ዘመን፣ የድንበሩ ጣቢያዎች ብሉዝ፣ ካንትሪ፣ የሜክሲኮ ዘፈንና ስብከት ቀላቅለው ያስተላልፉ ነበር። የዚዚ ቶፕ አባላት ያደጉት ይህንን እየሰሙ ነው። በ1975 ያወጡት «ሄርድ ኢት ኦን ዘ ኤክስ» የተሰኘው ዘፈን ለእነዚህ ጣቢያዎች የተሰጠ ምስጋና ነው፤ «ኤክስ» የሜክሲኮ ጣቢያዎች መለያ የሚጀምርበት ፊደል ነው። ስለዚህ ለሬዲዮ የሚሆን ዘፈን ምን እንደሚመስል ከማንም ሳይማሩ፣ በአድማጭነት ያወቁት ነገር ነው።

«ላ ግሬንጅ» ስለምንድን ነው? አየር ላይ ማዋሉስ ችግር የለውም?

ላ ግሬንጅ የቴክሳስ ትንሽ ከተማ ናት። ዘፈኑ የሚያወራው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ለአሥርተ ዓመታት በግልጽ ሲሠራ ስለነበረ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነው። ቤቱ «ቺክን ራንች» ይባል ነበር። አልበሙ በጁላይ 1973 መጨረሻ ወጣ፤ ቤቱ ደግሞ የሂውስተኑ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማርቪን ዚንድለር ጉዳዩን ካጋለጠ በኋላ በኦገስት 1973 መጀመሪያ ተዘጋ። ከዚህ የተሻለ የማስታወቂያ ጊዜ ቢታቀድም አይገኝም ነበር።

ግጥሙ ስድብም ሆነ ልቅ ቃል የለበትም፤ ነገሩን በአሽሙር ነው የሚነካው። የቀን ፕሮግራም ላይ የሚጫወተውም ለዚህ ነው። ትርጉሙን በአማርኛ ልታብራሩ ካሰባችሁ ግን ሰዓታችሁን ምረጡ።

የ1973 ቅጂ ዛሬም መኪና ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማው ለምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት ባዶ ቦታው ነው። ሦስት ሰው ብቻ ስለሚጫወት ጊታሩ የመሃሉን ድምፅ፣ ቤዙ የታችኛውን፣ ድራሙ ምቱን ይይዛሉ፤ አንዱ ሌላውን አይረግጥም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ጣቢያው ድምፁን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል። ማንኛውም ኤፍኤም ጣቢያ ወደ ማሰራጫው ከመላኩ በፊት ሙዚቃውን በኮምፕረሰርና በሊሚተር ያሳልፋል፤ ዝቅ ያለው ይነሳል፣ ከፍ ያለው ይጫናል። አሥራ ሁለት ጊታርና የቫዮሊን ሠራዊት የተደራረበበት ቅጂ በዚህ ውስጥ ሲያልፍ ሁሉም እኩል ይነሳና ይቦካል። ዚዚ ቶፕ ላይ ግን በምትና በምት መካከል ዝምታ ስላለ የድራሙ ምት ተነጥሎ ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ። ኤፍኤም ቀጫጭን ድምፆችን ከፍ አድርጎ ይልካል፣ ሬዲዮኑ ደግሞ መልሶ ይቀንሳቸዋል፤ የዚህ መጠን በአሜሪካ 75፣ በአውሮፓ 50 ማይክሮ ሰከንድ ይባላል። ጸናጽሉና «ስ» የሚለው ድምፅ የበዛበት ቅጂ በዚህ ምክንያት ሊሚተሩን ቀድሞ ይመታና ሙሉ ዘፈኑ ወደ ታች ይጫናል። የጊበንስ ጊታር ወፍራምና መሃለኛ ስለሆነ ይህ ችግር አይደርስበትም። የጎማና የሞተር ጩኸት የታችኛውን ድምፅ ቢውጠውም ያ መሃለኛ ድምፅ ይተርፋል።

አሠራሩም ያግዛል። «ላ ግሬንጅ» በዝቅተኛ ጊታር ይጀምራል፣ ድራመሩ የድራሙን ጠርዝ ብቻ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። አቅራቢው በመግቢያው ላይ ተናግሮ ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ዝም ለማለት የሚበቃ ጊዜ አለው። ዘፈኑ አራት ደቂቃ አይሞላም፤ «ቱሽ» ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስም። የሚቆረጥ ነገር የለም። የጊታሩ ሶሎ ሲመጣ ደግሞ ቁልፉ ከኤ ወደ ሲ ይዘላል፤ አንድ ሪፍ ብቻ እየሰማ ያለ አድማጭ ሊሰለች ሲል ወለሉ ከፍ ይልበታል።

በ«ኤሊሚኔተር» ላይ ምን ተለወጠ?

ድራም ማሽንና ሲንተሳይዘር ገቡ፣ ፍጥነቱም ተስተካከለ። የቅድመ ዝግጅት ሥራው ላይ የነበረው የድምፅ ባለሙያ ሊንደን ሃድሰን የታወቁ ዘፈኖችን ፍጥነት አጥንቶ በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ያለው ሰውን እንደሚስብ ለጊበንስ ነግሮታል። የአልበሙ ዋና ዋና ዘፈኖች የተቀመጡትም እዚያው አካባቢ ነው። (ሃድሰን ስሙ አልበሙ ላይ አልወጣለትም ነበር፤ በኋላ በአንዱ ዘፈን ምክንያት ከስሶ 600,000 ዶላር ተከፍሎታል።)

አልበሙ በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ በመሸጥ የዳይመንድ ማዕረግ አግኝቷል። ቀይዋ የ1933 ፎርድ መኪና የምትታይባቸው ቪዲዮዎች ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው የታወቀ ነው። ለሬዲዮ ዕድሜያቸው ግን ከሁሉም የበለጠ የጠቀማቸው፣ በማሽኑ ሁሉ ላይ የጊበንስ ጊታር ያው የብሉዝ ጊታር ሆኖ መቅረቱ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ እንደ ፍሬድ ጄከብስ ያሉ አማካሪዎች «ክላሲክ ሮክ» የሚባለውን የጣቢያ ዓይነት ሲያቋቁሙ፣ ይህ ቡድን በሁለት ዘመን የሚጫወት ዕቃ ነበረው። ያንን የሚያክሉ ቡድኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የጊበንስን ድምፅ ጊታሬ ላይ እንዴት ላምጣው?

ብዙ ሰው ወፍራም ክር የሚያስፈልግ ይመስለዋል፤ ተቃራኒው ነው። ጊበንስ የሚጠቀመው ከኢንች 7 ሺህኛ የሚጀምር ክር ነው (7፣ 9፣ 11፣ 20፣ 30፣ 38)፤ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ከ9 ወይም ከ10 የሚጀምር ነው። ወደ ቀጭን ክር የመራውም የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢቢ ኪንግ ነው። የሚያፏጨው ድምፅ የሚመጣው ክሩ በተመታ ቅጽበት የአውራ ጣት ጠርዝ ሲነካው ነው፤ አንዳንዴም በፕላስቲክ መምቻ ፈንታ የፔሶ ሳንቲም ይይዛል።

ወደ 7 ስትወርዱ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። የክሩ ውጥረት ስለሚቀንስ የጊታሩ አንገት ወደ ኋላ ይለጠጥና ክሮቹ ይንጫጫሉ፤ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ሩብ ዙር ያህል ማላላት፣ ቀን ማሳደር፣ እንደገና ማየት ነው። ጣታችሁ ከባድ ከሆነ ደግሞ ስትጫኑ ድምፁ ከቅኝት በላይ ይወጣል። የዚህ መድኃኒቱ ልምምድ ብቻ ነው።

15 አልበም እያላቸው ጣቢያዎች ያንኑ አምስት ዘፈን የሚደጋግሙት ለምንድን ነው?

ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ስንፍና ቢኖርበትም። የንግድ ጣቢያዎች ዘፈን የሚመርጡት በፈተና ነው። ለተመረጡ አድማጮች በመቶዎች ከሚቆጠሩ ዘፈኖች ላይ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሆን በጣም የታወቀው ቁራጭ ይሰማል፤ አድማጩ ያውቀው እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚወደው፣ ሰልችቶት እንደሆነ ነጥብ ይሰጣል። በዚህ መንገድ የማይታወቅ ዘፈን ማለፍ አይችልም፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማንም አዲስ ዘፈን አይወድምና። የሚታወቀው ይጫወታል፣ የተጫወተው ይበልጥ ይታወቃል።

የዚዚ ቶፕ ዘፈኖች ለዚህ ፈተና የተሠሩ ይመስላሉ፤ «ላ ግሬንጅ» በአራት ሰከንድ ይለያል። በዚህ የተጎዱት ግን እንደ «ጀስት ጋት ፔይድ» (1972) ያሉ ጥሩ ዘፈኖች ናቸው። ሌሊት ወይም ቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ያላችሁ አዘጋጆች ከታወቁት ሁለት ዘፈኖች መካከል አንዱን ያልታወቀ ብታስገቡ አድማጭ አይሸሽም።

«ዌይቲን ፎር ዘ ባስ» እና «ጂሰስ ጀስት ሌፍት ቺካጎ» ሁልጊዜ ተያይዘው የሚጫወቱት ለምንድን ነው?

«ትሬስ ኦምብሬስ» በተሰኘው የ1973 አልበም ላይ የመጀመሪያው እንዳለቀ ሁለተኛው ያለ ምንም ፋታ ይገባል። ከሸክላ ሲጫወት መርፌውን ማንሳት የማይመች ስለነበር አቅራቢዎች ሁለቱንም ለቀቁ፤ አድማጩ እንደ አንድ ዘፈን ለመደው። ዛሬ አንዱን ብቻ ብታጫውቱ የመቆረጥ ስሜት ይሰጣል።

ችግሩ የሚመጣው በኮምፒውተር ሲጫወት ነው። ሁለቱ ዘፈኖች በሁለት ፋይል ሲገለበጡ የጣቢያው ሶፍትዌር በመካከላቸው ሁለት ሦስት ሰከንድ ያደራርባል፣ ወይም ክፍተት ይጨምራል፤ ሁለተኛው የሚገባበት ምት ይጠፋል። ቀላሉ መፍትሔ ሁለቱን አጋጥሞ አንድ ፋይል ማድረግ ነው፤ ኤምፒ3 ፋይል መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ባዶ ስለሚጨምር ከዌቭ ወይም ከፍላክ ቅጂ አገጣጥሙ። ለ«ላ ግሬንጅ» ደግሞ ሶፍትዌሩ ዝምታን በራሱ የሚቆርጥበትን መጠን ወደ 40 ዴሲቤል ከዜሮ በታች አውርዱት፤ 20 ላይ ከተተወ ዝቅተኛውን የጊታር መግቢያ ዝምታ መስሎት ይበላዋል።

ቤቴ ያለው ሲዲ ሬዲዮ ላይ ከምሰማው የሚለየው ለምንድን ነው?

ምናልባት የ1987ቱን እትም ይዘው ይሆናል። ከ«ኤሊሚኔተር» ስኬት በኋላ የ1970ዎቹ አልበሞች ለሲዲ ሲዘጋጁ ድራሙ ላይ የ1980ዎቹ ዲጂታል ማሚቶ ተጨምሮ እንደገና ተደባለቁ። አሮጌው አዲሱን እንዲመስል ታስቦ ነው፤ ውጤቱ ግን የጠባብ ክፍል ሙዚቃ ባዶ መጋዘን ውስጥ የተቀዳ እንዲመስል አደረገው። ለብዙ ዓመታት ገበያ ላይ የነበረው ይኸው ስለሆነ በየቤቱ አለ።

መለየት ቀላል ነው። ስኔር የሚባለውን ትንሹን ከበሮ ብቻ አድምጡ፤ ከተመታ በኋላ ደረቅ ሆኖ ቶሎ ከሞተ የጥንቱ ነው፣ ጅራት ካለው የ1987ቱ። የጥንቱን ድምፅ የሚፈልግ በ1977 የወጣውን «ዘ ቤስት ኦፍ ዚዚ ቶፕ»፣ የ2003ቱን ባለ አራት ሲዲ ስብስብ፣ «ትሬስ ኦምብሬስ»ን እና «ፋንዳንጎ»ን በ2006 እትማቸው፣ ወይም በ2013 የወጣውን የአልበሞች ስብስብ ይያዝ። «ሌግስ» ላይ ያለው ልዩነት ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ነጠላ ዘፈን ሆኖ የወጣው ለዳንስ እንደገና የተደባለቀ ነው።

ዘፈኑ በሬዲዮ በተጫወተ ቁጥር ቡድኑ ገንዘብ ያገኛል?

በአሜሪካ የኤኤምና የኤፍኤም ጣቢያ የሚከፍለው ለግጥምና ዜማ ደራሲውና ለአሳታሚው ብቻ ነው፤ ለዘፈነውና ለተጫወተው አይከፍልም። ዚዚ ቶፕ አብዛኛውን ዘፈን ራሳቸው ስለደረሱ በዚህ በኩል ተጠቃሚ ነበሩ። «አይ ታንክ ዩ» የተሰኘው ዘፈናቸው ሲጫወት ግን ክፍያው የሚሄደው ለደራሲዎቹ ለአይዛክ ሄይስና ለዴቪድ ፖርተር ወገን ነው።

በሳተላይትና በኢንተርኔት ሬዲዮ ሕጉ ይለያል። እዚያ ሳውንድ ኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት የቅጂውን ክፍያ ሰብስቦ 50 በመቶ ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው አርቲስት፣ 5 በመቶ ለአጃቢዎች ያከፋፍላል። በዲሴምበር 2021 ቢኤምጂ እና ኬኬአር የተባሉ ኩባንያዎች የቡድኑን የድርሰት ድርሻና ከቅጂ የሚገኘውን ገቢ ገዝተዋል፤ ስለዚህ «ላ ግሬንጅ» ዛሬ ሲጫወት ገንዘቡ በዋናነት የሚሄደው ወደ እነሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የአማርኛ የኢንተርኔት ሬዲዮ አለን፤ ሙሉ ሰዓት ዚዚ ቶፕ ማጫወት እንችላለን?

በሕግ በተፈቀደው አጠቃላይ ፈቃድ የምትሠሩ ከሆነ አትችሉም። በማናቸውም ሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ አርቲስት ከ4 ዘፈን በላይ፣ ከእነዚያም በተከታታይ ከ3 በላይ ማጫወት አይፈቀድም። ከአንድ አልበም ደግሞ ከ3 በላይ፣ በተከታታይም ከ2 በላይ አይቻልም። የ«ትሬስ ኦምብሬስ»ን ሁለቱን ተያያዥ ዘፈኖች ካጫወታችሁ በኋላ ወዲያው «ላ ግሬንጅ»ን ብታስከትሉ ሕጉን ጣሳችሁ፤ ከዚያው አልበም ነውና። በመካከል ሌላ ነገር አስገቡ።

ሰዓቱን መሙያው የሙዚቃቸው ምንጭ የሆኑት ናቸው፤ ጆን ሊ ሁከር፣ ላይትኒን ሆፕኪንስ፣ መዲ ዋተርስ፣ ፍሬዲ ኪንግ፣ እንዲሁም የ«አይ ታንክ ዩ» የመጀመሪያ ዘፋኞች ሳምና ዴቭ። የሚጫወቱትን ዘፈኖች ዝርዝር በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም አስቀድሞ ማውጣትም ክልክል ነው። ፕሮግራሙን ቀድታችሁ ድረ ገጽ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ርዝመቱ ከ5 ሰዓት ማነስ፣ ቆይታውም ከ2 ሳምንት መብለጥ የለበትም፤ ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለአሜሪካ አድማጭ ብቻ መሆኑም አይረሳ፤ አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለው አድማጭ በዚህ አይሸፈንም። ለሳውንድ ኤክስቼንጅ መክፈላችሁም ለደራሲዎች ማኅበራት (አስካፕ፣ ቢኤምአይና መሰሎቻቸው) ከመክፈል አያድናችሁም።

«ላ ግሬንጅ» ከጆን ሊ ሁከር የተሰረቀ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ሪፉ የሁከርን የ1948 «ቡጊ ቺለን» እንደሚከተል ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል፤ የጊበንስ ማጉረምረምም የሁከር ነው። የድርሰቱ መብት ያለው ኩባንያ (ሁከር ራሱ አይደለም) በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሰሰ። ቡድኑ ያሸነፈው ግን «አልወሰድንም» በሚለው ክርክር አልነበረም። በ1995 ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሸክላው በ1948 ለገበያ መቅረቡ ድርሰቱን እንደ ማሳተም ይቆጠራል፤ መብቱም በ28 ዓመቱ ስላልታደሰ ዘፈኑ የሕዝብ ሀብት ሆኗል ብሎ ወሰነ።

ይህ ውሳኔ የሙዚቃ አሳታሚዎችን አስደነገጠ፤ በተመሳሳይ ምክንያት ስንት የድሮ ብሉዝና ጃዝ ባለቤት አልባ ሊሆን ነበር። በ1997 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ ከ1978 በፊት ሸክላ መሸጥ ድርሰቱን እንደ ማሳተም አይቆጠርም አለ። በሙዚቃው በኩል ጉዳዩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሁከር ራሱ ያንን ምት ከእንጀራ አባቱ እንደተማረው ይናገር ነበር፤ ቡጊ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ነው። የክፍያው ጉዳይ ግን ያን ያህል ንጹሕ አይደለም፤ ጥቁሮቹ የብሉዝ ሰዎች ለአንድ ቅጂ ጥቂት ዶላር ይዘው ሲሄዱ፣ በምታቸው ላይ የቆመው ዘፈን ሃምሳ ዓመት ሬዲዮ ላይ ኖሯል። ፕሮግራም የምታቀርቡ ከሆነ «ላ ግሬንጅ»ን ከማጫወታችሁ በፊት «ቡጊ ቺለን»ን አስቀድሙ፤ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ አድማጩም ራሱ ይፈርዳል።